ቢላ ለየብቻ፣ ዳስ በጋራ፦ በማኅበራዊ ጉዳይ ከማንስማማቸው አጋሮች ጋር በፖለቲካ እንዴት እንቁም?

ወሎ ውስጥ ሰርግ የደገሰ ሰው ይኼን ያውቀዋል። ከዳሱ ጀርባ ሁለት ቦታ ይታረዳል። አንዱ ጋ ሼሁ «ቢስሚላህ» ብለው ቢላቸውን ያነሳሉ፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የክርስቲያኑ በግ «በስመ አብ» ተብሎ ይታረዳል። ድስቱ ሁለት፣ ጭልፋው ሁለት፣ ወጥ ሠሪዎቹም ሁለት ወገን ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ሲዳር እናቴ አንዷን ጎረቤታችንን ከሙስሊሞቹ ድስት አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጣ «ጭልፋ እንዳይቀላቀልብኝ፣ አደራሽን» ስትላት ዛሬም ትዝ ይለኛል። ሴትዮዋ ሰርጉ እስኪያልቅ ከዚያ ንቅንቅ አላለችም። ዳሱ ውስጥ ግን ሁሉም አንድ ላይ ነው የተቀመጠው። ሽሮው የጋራ፣ ጭፈራው የጋራ፣ ምርቃቱም የጋራ።

ልብ በሉ፣ «የማን ሥጋ ነው ትክክል?» ብሎ ሰርጉን ያስቆመ ሰው የለም። «ሥጋ ያው ሥጋ ነው፣ ዝም ብላችሁ ብሉ» ያለም የለም። ልዩነቱ ታውቆ፣ ቦታ ተሰጥቶት፣ ጠባቂ ተቀምጦለት ነው ሰርጉ ያማረው።

ይኼን ያነሳሁት ስለ ፖለቲካ ላወራ ነው። ደሴ ውስጥ እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴ ፈረቃችን ሳይደርስ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ለዚህ ብለን አሥራ አንድ ሆነን ኮሚቴ አቋቋምን። አንድ ሼህ፣ አንድ ዲያቆን፣ አንዲት ነርስ፣ ሁለት መምህራን፣ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ፣ ባለሱቅ፣ ጡረተኛ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። ስለ ውሃው፣ መንገድ ሲወጣ ለሚፈርስ ቤት ስለሚከፈል ካሳ፣ ስለ ቀበሌው በጀት ስናወራ አንድ አፍ ነን። ጨዋታው ወደ ጫት፣ ወደ ሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ፣ ወደ ድምፅ ማጉያ፣ ወደ ውርስ ወይም ተማሪ ምን ይልበስ ወደሚለው ሲዞር ግን አሥራ አንድ አገር እንሆናለን። ባለፉት ዓመታት አብሮ ለመቆም የሚሞከሩትን መንገዶች ሁሉ ሞክረናቸዋል ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ሠርቷል። አንዱ ደግሞ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር አስከትሏል። እናንተም ሰፈር ውስጥ፣ ማኅበር ውስጥ ወይም ፓርቲ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሟችሁ ከሆነ የትኛውን መቼ እንደምትይዙ እንዲያግዛችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ልዩነቱን መዝኑ

ከመንገዶቹ በፊት አንድ ሥራ አለ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው። «በማኅበራዊ ጉዳይ አንስማማም» ሲባል ልዩነቱ ሁሉ እኩል የሚከብድ ይመስላል። አይደለም።

አንዳንዱ ሰው በየቤቱ የሚይዘው ነው። ማን ይጾማል፣ ማን ሻሽ ያስራል፣ ማን ሐድራ (የዱዓ መሰባሰቢያ) ላይ ተቀምጦ ጫት ይቅማል፣ ማን ለበዓል ጠላ ይጠምቃል። ይኼ የማንንም ኮሚቴ ማፍረስ የለበትም። ሌላው የጋራ ደንብ የሚፈልግ ነው። ሌሊት የሚጮህ ድምፅ ማጉያ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚከፈት ጫት ቤት ወይም መጠጥ ቤት። እዚህ አንዱ ካሸነፈ ሌላው በየቀኑ እያየው፣ እየሰማው ይኖራል፣ ስለዚህ መነጋገር አይቀርም። ደግነቱ የሚቀነስ ሰዓት፣ የሚለካ ርቀት አለው፣ ለድርድር ይመቻል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፦ ሸክሙ ስብሰባው ውስጥ በሌለ ሰው ላይ የሚወድቀው። በ15 ዓመቷ ልትዳር የታጨች ልጅ። ከአባቷ ርስት ድርሻዋን ተከልክላ ወንድሟ ቤት እንደ ጥገኛ የምትኖር ሴት። እነዚህ ላይ አሥራ አንዳችን ብንስማማም ባንስማማም ዋጋውን የምትከፍለው ሌላ ሰው ናት። ስለዚህ አሁን አሁን ማንኛውም ልዩነት ሲነሳ መጀመሪያ የምጠይቀው «እኛ ዝም ብንል ማን ይከፍላል?» ብዬ ነው። መልሱ «እኛው» ከሆነ ብዙ መንገድ አለ። መልሱ «እሷ» ከሆነ መንገዱ ይጠባል።

ሕጉም እኮ ይኼን ይለያል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይፈቅዳል፣ ግን ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ብቻ ነው። እህት «ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይየው» ካለች መብቷ ነው፣ «አልፈልግም» ካለችም መብቷ ነው። አንቀጽ 35 ደግሞ በውርስ ሴቶች እኩል እንዲታዩ ይላል። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። እነዚህን ማወቅ ክርክሩን ያሳጥራል፤ «ያንተ እምነት» ከ«የኔ እምነት» ጋር ከሚላተም፣ «እሷ ተጠይቃለች ወይ?» ወደሚል ቀላል ጥያቄ ይወርዳል።

ዝም ተባብሎ ማለፍ

ይኼ ሁላችንም የምናውቀው መንገድ ነው። «እዚያ ውስጥ አንግባ፣ ሥራችንን እንሥራ።» እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለአንድ ቀን ጉዳይ፣ ለምሳሌ ነገ ጠዋት ቢሮ ሄዶ አቤት ለማለት፣ ፊርማ ለማሰባሰብ፣ የተሰበረ ድልድይ ለማስጠገን፣ የሰውየውን የጫት አቋም መጠየቅ ምን ያደርግላችኋል? ቅሬያችንም፣ እድራችን ማለቴ ነው፣ የሚኖረው በዚህ ነው። ሰው ሲሞት ሙስሊሙ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ድረስ ይሸኛል፣ ክርስቲያኑ መቃብር ይቆፍራል፣ የቀረ ይቀጣል። ማንም ማንንም ስለ ዶግማው አይጠይቅም።

ችግሩ ዝምታው ሲረዝም ነው።

ኮሚቴያችን በሁለተኛ ዓመቱ ትልቅ ፊርማ እያሰባሰበ ነበር። ከሁላችን የበለጠ የሚሮጠው አንድ አባላችን ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ በር ላይ ቆሞ የሚገኝ፣ ከኪሱ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ። በዚያው ሰሞን የወንድሙን ልጅ ሊድር እየተዘጋጀ ነበር። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ 15 ዓመቷ። ነርሷ ይኼን ሰምታ ስብሰባ መጨረሻ ላይ አነሳችው። ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ። ቃል በቃል ያልኩት ይኼ ነው፦ «እህቴ፣ ይኼ የውሃ ስብሰባ ነው።» ሰውየው አንገቱን ደፋ። ሌሎቹ ስልካቸውን አዩ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የያዘችውን የፊርማ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ፊርማው ተሰበሰበ። ልጅቷ በጥር ተዳረች።

ያን ቀን የመረጥኩት «አንድነትን» ነበር፣ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። አንድነቱን የከፈለችው ግን ስሟን እንኳ በቃለ ጉባኤ ያልጻፍናት ልጅ ናት። ነርሷም ብዙ ወራት አልተመለሰችም። ስለዚህ ዝምታን ምረጡ፣ ግን ለአጭር ጊዜና ዋጋው በራሳችሁ ላይ ብቻ ለሚወድቅ ነገር። ከዚያ ካለፈ ዝምታው ራሱ ወገን ይይዛል።

መጀመሪያ ተከራክሮ፣ ተማምኖ፣ ከዚያ መሥራት

ወጣቶቹ ይኼን ይወዱታል። «መርህ ላይ ሳንስማማ እንዴት አብረን እንሠራለን?» ይላሉ። ቅንነቱን አደንቃለሁ። ግን እዚሁ ደጃችን ያለ ታሪክ ሌላ ይነግራል።

ቦሩ ሜዳን አብዛኞቻችን በሆስፒታሉ ነው የምናውቀው። በ1870 ዓ.ም. እዚያ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉባኤ ጠርተው ነበር፣ ምኒልክም ተገኝተዋል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ሲከራከሩበት የኖሩት የሃይማኖት ነገር ተነስቶ አንዱ ወገን ረታ፣ የተረታው ትምህርቱን እንዲተው ታዘዘ። ነገሩ እዚያ አልቆመም። የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ተወሰነ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ፤ ሼህ ጦልሐን የመሳሰሉት ግን እምቢ ብለው ተዋጉ። አገር አንድ ይሆናል ተብሎ የተጀመረው ነገር ወሎን ለዓመታት አደማ።

እኛ ሠራዊት የለንም፣ ማንንም አናስጠምቅም። ግን የጉባኤው ጠባይ ትንሹም ክፍል ውስጥ ያው ነው፦ ክርክሩ «እስክንተማመን» ከተባለ የሚያልቀው አንዱ ሲረታ ወይም ሲወጣ ነው። እኛ ሞክረነዋል። ስለ ጫት ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት ተከራከርን። ሼሁ ሐድራና ወዳጃ ላይ ያለው ጫት ዱዓ የሚደረግበት እንጂ ሱስ አይደለም አሉ። አንዱ መምህር ተማሪዎቹ ከምሳ በኋላ እንዴት እንደሚጠፉበት በቁጥር አስረዳ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ የተገኘነው ስድስት ነን።

ይኼ መንገድ የሚሻለው አብራችሁ የምትኖሩበትን ድርጅት ስትመሠርቱ ነው። ፓርቲ ስትዋሃዱ ለምሳሌ። በአንድ ፕሮግራም፣ በአንድ ስም ለዓመታት ልትጠሩ ከሆነ መሠረቱን ሳትነጋገሩ መጀመር ኋላ የባሰ ያስለቅሳል። ለውሃ ግን እስከዚያ መሄድ አያስፈልግም።

ሰጥቶ መቀበል

«አንተ የኔን ደግፍ፣ እኔ ያንተን።» ነጋዴ አባል ያለው ኮሚቴ ወደዚህ ቶሎ ይመጣል። ለሁለተኛው ዓይነት ልዩነት ሸጋ መንገድ ነው። እኛ ሰፈር የድምፅ ማጉያው ነገር የተፈታው እንዲህ ነው፦ የሁለቱም ወገን ሰዎች ተቀምጠው ከሌሊቱ ክፍል የቱ ላይ ድምፁ ዝቅ እንደሚል ተስማሙ፣ አንዱ ሲቀንስ ሌላውም ቀነሰ። ማንም አልተረታም።

ሕሊና የሚነካ ነገር ላይ ግን አትሞክሩት። «የልጅቷን ጋብቻ ዝም በለኝ፣ የካሳውን ፊርማ እሰጥሃለሁ» የሚል ልውውጥ አንድ ቀን አደባባይ ይወጣል፣ ሲወጣም ሰጪውም ተቀባዩም ሰው ፊት መቆም ያቅታቸዋል። ያንተ ያልሆነ ነገር አይሸጥም።

ጠባብ ውል፣ በጽሑፍ

እኔ አሁን የያዝኩት ይኼን ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የምንስማማበትን ጥቂት ነገር ቁልጭ አድርገን እንጽፋለን፣ የማንስማማበትንም «ይኼ በኮሚቴው ስም አይነገርም፣ እያንዳንዱ ግን በራሱ ስም መናገር ይችላል» ብለን እንጽፋለን። ፖለቲከኞች ዝቅተኛ ፕሮግራም የሚሉት ዓይነት ነው። ሁለተኛዋን ሐረግ አትርሷት፤ ከዝምታው የሚለየው በእሷ ነው። ሰውየው አፉ አልተለጎመም። ሼሁ ስለ ጫት መስጊድ ውስጥ የፈለጉትን ይላሉ፣ ነርሷ ስለ ልጅነት ጋብቻ ጤና ጣቢያ ውስጥ የፈለገችውን ትላለች፣ የውሃ ኮሚቴው ማኅተም ግን አይወጣበትም።

እንዲህ ዓይነት አቋቋም በአገራችን አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች የእምነት እኩልነት ይከበርልን ብለው አደባባይ ሲወጡ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። የወጣው ክርስቲያን እምነቱን አልቀየረም፣ ማንም ቀይር አላለውም። ጥያቄው ጠባብ ነበር፣ ዜጋ ሁሉ እኩል ይሁን። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆነው ታወጁ።

ውል ሲባል ግን አጻጻፉ ላይ ሰው ይሰነካከላል። ይኼንንም ከወሎ በላይ የሚያውቅ የለም። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ አምባሰል ውስጥ ውጫሌን ታልፋላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ የተፈራረሙት እዚያ ነው። ሃያ አንቀጽ አለው፣ ጦር ያማዘዘው 17ኛው ነው። አማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው፣ ኢጣልያም በዚያ ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለች። በአንድ ግስ ልዩነት የተጀመረው ክርክር በሰባተኛው ዓመት ዓድዋ ላይ በጦር ተዘጋ።

እኛም የራሳችንን ውጫሌ ልንፈርም ነበር። የመጀመሪያው ረቂቃችን አንድ መስመር እንዲህ ይል ነበር፦ «ኮሚቴው የአካባቢውን ባህልና ሥነ ምግባር ያከብራል።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እስክሪብቶው ከመዞሩ በፊት ጡረተኛው አባላችን፣ ፍርድ ቤት የሠሩ ናቸው፣ «ቆዩማ፣ ይኼ ምን ማለት ነው? እያንዳንዳችሁ ንገሩኝ» አሉ። ሼሁ «መጠጥ ቤቶቹ ይዘጋሉ ማለት ነው» አሉ። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ «ጫታችንን ማንም አይነካም ማለት ነዋ» አለ። አንዷ መምህርት ደግሞ ቀስ ብላ «ሴት ስትናገር ባህላችን አይደለም ብላችሁ ዝም የምታሰኙበት መስመር ነው» አለች። ሦስቱም ሊፈርሙ ነበር! መስመሩን ሰረዝነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለን። ከመፈረም በፊት እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ሐሳብ በራሱ አፍ ይናገራል፣ ባለ ሐሳቡ «አዎ፣ ያልኩት ይኼን ነው» እስኪል ድረስ። ሼሁ ስለ ልጅነት ጋብቻ የመምህርቷን ሐሳብ ሦስት ጊዜ ሞክረው ነው የተሳካላቸው። በሦስተኛው «ለካ አንቺ የምትይው ሃይማኖት ይተው አይደለም፣ ልጅቷ ትድረስ ነው» አሉ። አልተስማሙም ይሆናል። ግን ከዚያ በኋላ ስለ እሷ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፣ ቃላቸው ተቀይሯል።

ሰዎቻችሁ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ከሆነ፣ ባቲና ከሚሴ አካባቢ አማርኛም ኦሮምኛም እንዳለው ማለቴ ነው፣ በሁለቱም ጻፉት፣ በሁለቱም ድምፅን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። የአንዱን ለሌላው የሚተረጉም ሰው ከሁለቱም ወገን ይቀመጥ።

ወረቀቱ ውስጥ ምን ይግባ? የምትጠይቁት ነገር፣ ሊቆጠር በሚችል መልኩ፦ «ውሃ ይሻሻል» ሳይሆን በሳምንት ስንት ቀን። በኮሚቴው ስም ማን ይናገራል። በኮሚቴው ስም ምን አይነገርም። የምትለያዩ ከሆነ እንዴት። በነዚህ ላይ እኛ አንድ መስመር ጨምረናል፣ እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

የዚህ መንገድ ድካሙ ዘገምተኛነቱ ነው። አንድ ገጽ የደብተር ወረቀት አምስት ሳምንት ፈጀብን። ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ አትጀምሩት። ደግሞ የሚጽፈውና የሚያነበው ሰው ጉልበት ያገኛል፣ ስለዚህ በጣታቸው የሚፈርሙት እናቶች ረቂቁ ሲነበብ መጀመሪያ እንዲናገሩ አድርጉ፣ መጨረሻ ላይ ከሆነ «እናንተ ካላችሁ» ብለው ያልፉታል።

ሽማግሌ፣ አበጋር

ውሉ ከፈረሰ፣ ነገር ከተካረረ፣ ሰው ከተሰደበ ወረቀት አይጠግነውም። እዚህ ላይ አገራችን ያላትን የሚተካ የለም። አበጋሮቹ፣ የወሎ ባህላዊ አስታራቂዎች፣ ደም የተቃባ ሰው ሲያስታርቁ ኖረዋል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይቀበላቸዋል። ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ሁለቱም ሳይቋረጡ ይናገራሉ፣ በመጨረሻ አፉ፣ ይቅር ይባባላሉ። አፉ የተባባለ ሰው ነገ ቅሬ ላይ አጠገብ ለአጠገብ መቀመጥ ይችላል። ይኼ ትልቅ ነገር ነው፣ በተለይ ብዙ ነገር በተሰባበረበት በዚህ ጊዜ።

ግን ሽምግልና የሚያክመው ግንኙነትን እንጂ አቋምን አይደለም። «ትምህርት ቤት አጠገብ ጫት ቤት ይከፈት ወይ?» የሚለውን ለሽማግሌ ብትሰጡት «ተው፣ አትጣሉ» ይባላል፣ ጫት ቤቱ እንዳለ ይቀጥላል። ሌላው፣ ሽምግልናው ላይ የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ታላላቆች ናቸው። ጉዳዩ የሴት ልጅ ከሆነ ያንን ሸንጎ እንዳለ አትቀበሉት። ወሎ ዱበርቲዎች ያሏት አገር ናት፤ ዱዓቸው የሚፈራ፣ ቱፍታቸው የሚፈለግ እናቶች ለምን ከዳር ይቀመጣሉ? ሁለት እናቶች ገብተው የተቀመጡበት ሽምግልና ሌላ ነገር ሲናገር አይቻለሁ።

መለያየት

ይኼም ምርጫ ነው፣ ክፉ ስም ቢኖረውም። በ1997ቱ ምርጫ አራት ፓርቲዎች ቅንጅት ብለው ተጣምረው ሕዝብ እንዴት እንደተከተላቸው የምናስታውስ እናስታውሳለን። ከምርጫው በኋላ እስሩ መጣ፣ በላዩ ላይ እንዋሃድ ወይስ ተጣምረን እንቀጥል የሚለው ሙግት ታከለበት፣ በመጨረሻም ተበታተኑ። እኔን የሚያመኝ መለያየታቸው አይደለም። እንዴት እንደሚለያዩ ቀድመው በደንብ ቢነጋገሩ ኖሮ እላለሁ። የምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 ውህደትን፣ ግንባርንና ቅንጅትን ለይቶ ያስቀምጣል። ፓርቲ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች የቱ ውስጥ እንደገባችሁ ሕዝቡ ሳይሆን መጀመሪያ እናንተ እወቁ። በማኅበራዊ ጉዳይ ከተለያያችሁ ውህደት ውስጥ አትግቡ፣ ቅንጅት ይበቃችኋል።

መቼ ልለይ? አጋራችሁ የተስማማችሁበትን ወረቀት ለሌላ ነገር ሲጠቀምበት፣ በእናንተ ስም ሌላውን ሲያስፈራራ፣ ወይም አብራችሁ በመቆማችሁ ምክንያት የሚጎዳ ሰው ካለና አጋራችሁ ተነግሮት እምቢ ካለ። ስትለዩ ምስጢር አታውጡ። ቴሌግራም ላይ አትሰዳደቡ። ለቅሶው ላይ ተገኙ። የውሃ ጉዳይ ነገም ይመጣል።

ታዲያ የቱን?

ነገ ጠዋት ለሚያልቅ ጉዳይ ልዩነታችሁን ትታችሁ ሂዱ። ድምፅ፣ ርቀትና ሰዓት ላይ ከሆነ የተጣላችሁት ሰጥታችሁ ተቀበሉ። ከስድስት ወር በላይ አብራችሁ የምትቆዩ ከሆነ ጻፉት፣ አታቅማሙ። ከተቀያየማችሁ መጀመሪያ ሽማግሌ፣ ከዚያ ወረቀት፤ ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ወረቀቱ የቂም መዝገብ ይሆናል። ሸክሙ በሌላ ሰው ላይ ከወደቀ ግን ከነዚህ አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም። መጀመሪያ አጋራችሁን ቤቱ ሄዳችሁ፣ በር ዘግታችሁ፣ በአክብሮት ንገሩት፤ ስብሰባ ላይ አታዋርዱት፣ የተዋረደ ሰው ሐሳቡን አይቀይርም። እምቢ ካለ ሕግ አለ፣ የሴቶች ጉዳይ ቢሮ አለ፣ የትምህርት ቤቷ መምህር አለች። ይኼን ስታደርጉ የውሃው ሥራ ሊጓተት ይችላል። ይጓተት። እኔ አንድ ጊዜ በተቃራኒው ሠርቼ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ነርሷን ቤቷ ሄጄ አፉ በይኝ አልኳት። ቡና አፈላችልኝ፣ ብዙም አልተናገረች። ሦስተኛውን ስኒ እየቀዳች «ምን ጻፋችሁ?» አለችኝ። የመጨረሻውን መስመር ነገርኳት፦ «ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚጎዳበት ነገር ሲሰማ ማንኛውም አባል በማንኛውም ስብሰባ ላይ ማንሳት ይችላል፣ ሰብሳቢው ሊያስቆመው አይችልም።» ሰውየውም ፈርሟል፣ ያ የወንድሙን ልጅ የዳረው። ሲፈርም እጁ ቆይቶ ነው ወረቀቱ ላይ ያረፈው።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች። «ስሜን ጻፉ። ግን ያቺን መስመር መጨረሻ ላይ አታንብቧት፣ መጀመሪያ አንብቧት።»